ሃርድ ዲስክ ላይ አዲስ ፓርቲሽን መፍጠር፦ ቦታ የሚቆረጠው ከጅራት ነው

ፓርቲሽን መፍጠር፣ ማለትም አንዱን ዲስክ ለየብቻ እንደሚታዩ ድራይቮች መከፋፈል፣ ራሱ አምስት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። ሰውን የሚያደክመው ከፊቱና ከኋላው ያለው ነው። 300 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለ ዊንዶውስ «መቀነስ የሚቻለው 8 ጊጋባይት ብቻ ነው» ይላል። ወይም ከዓመት በኋላ ዊንዶውስ ያለበት ሲ ድራይቭ ይሞላና ከዲ ላይ ቆርጠን እንጨምርለት ስንል የማስፊያው ምርጫ ደብዝዞ አልጫን ይላል። የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው። ፓርቲሽኖች ዲስኩ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ የተደረደሩ ናቸው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ከፓርቲሽን ላይ ቦታ የሚቆርጠውም የሚጨምረውም በጅራቱ በኩል ብቻ ነው። ይህን የያዘ ሰው ከታች ያለውን ግማሹን ሳይነገረው ይደርስበታል።

መከፋፈል ለምን? ዋናው ጥቅም ዊንዶውስ ተበላሽቶ እንደ አዲስ ሲጫን ሲ ተጠርጎ ዲ ላይ ያለው ሳይነካ መቆየቱ ነው። ሁለተኛው ሌላ ስርዓተ ክወና፣ ለምሳሌ ሊኑክስን፣ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ከነዚህ ውጭ የሚነገሩት ምክንያቶች አብዛኞቹ ያረጁ ናቸው። «ሲከፋፈል ይፈጥናል» የሚባለው በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ጥቂት እውነት አለው፤ የሳህኑ የውጭ ጠርዝ በአንድ ዙር ብዙ መረጃ ስለሚያሳልፍ ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ያለው ክፍል መጨረሻ ላይ ካለው ይፈጥናል። ኤስኤስዲ ላይ ግን የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ ልዩነት የለም። አንድን ዲስክ አምስትና ስድስት ቦታ መቁረጥም ትርፉ ድካም ነው፤ አንዱ ጋ 3 ጊጋባይት፣ ሌላው ጋ 7 ጊጋባይት እየተረፈ አንድ ትልቅ ፋይል የሚያስቀምጡበት ቦታ ይጠፋል። ሁለት ይበቃል።

ፓርቲሽን ባክአፕም አይደለም። ሲ እና ዲ የአንድ ዲስክ ክፍሎች ናቸው፤ ዲስኩ ሲሞት አብረው ይሞታሉ። ፎቶዎችን ከሲ ወደ ዲ ገልብጦ «ባክአፕ አለኝ» ማለት ገንዘብን ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ እንደማዛወር ነው፤ ሌባው ሱሪውን ይዞ ነው የሚሄደው።

መጠኑን መወሰን

መጀመሪያ የቁጥሩን ነገር እናጥራ። አምራቾች 1 ቴራባይትን በ1,000,000,000,000 ባይት ይቆጥራሉ፤ ዊንዶውስ ደግሞ አንዱን ጊጋባይት 1,073,741,824 ባይት አድርጎ ያሰላል። ስለዚህ የ1 ቴራባይት ዲስክ 931፣ የ512 ጊጋባይቱ 476፣ የ256ቱ 238 ሆኖ ይታያል። የተሰረቀ ነገር የለም። የመቁረጫው ሳጥን የሚቀበለው ደግሞ ሜጋባይት ነው፤ 1 ጊጋባይት 1024 ሜጋባይት ስለሆነ 100 ጊጋባይት ለመቁረጥ 102400፣ 200 ለመቁረጥ 204800 ይጻፋል።

ለሲ ምን ያህል ይተው? የዊንዶውስ 11 ዝቅተኛ መስፈርት 64 ጊጋባይት ነው፤ በዚያ መኖር ግን ስቃይ ነው። ዝመናዎች፣ ፕሮግራሞች፣ የአሳሽ ጊዜያዊ ፋይሎች፣ ሁሉም ሳይጠየቁ ሲ ላይ ያርፋሉ። የቢሮ ሥራና ኢንተርኔት ብቻ ለሚሠራ 150 ጊጋባይት፣ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ትልልቅ ፕሮግራም ለሚጭን ከ200 እስከ 250 ብሎ ማሰብ ይሻላል። እዚህ ላይ ስስት አይጠቅምም። ዲ ቢጠብ ፋይል ወደ ውጫዊ ዲስክ ይወጣል፤ ሲ ቢጠብ ግን ማስፋቱ፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ ሌላ ጣጣ ነው።

ከመንካት በፊት

ዊንዶውስ ፓርቲሽን ሲቀንስ በመጨረሻው ክፍል ያሉትን ፋይሎች ወደ ፊት ያመጣና የፓርቲሽኑን ወሰን ያሳጥራል። በዚህ መሃል መብራት ቢጠፋ ጣጣ ነው፤ ስለዚህ ላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ይሰካ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ቢኖር መልካም ነው። የማይተኩ ፋይሎች ሌላ ዲስክ ላይ ይገልበጡ። ቀጥሎ የሲ ድራይቭን ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ ቱልስ በሚለው ገጽ ቼክ የሚለውን ተጫኑ፤ የፋይል ስርዓቱ (ፋይሎች የሚደራጁበት መዋቅር) ላይ ስህተት ካለ ቅነሳው መሃል መንገድ ላይ ይቆማል።

ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስኩ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የራሱ የዲስክ መቆለፊያ፣ ተመስጥሮ ነው የሚመጡት። ዊንዶውስ ራሱ የተመሰጠረውን ክፍል እንደተከፈተ መቀነስ ይችላል፤ ከዊንዶውስ ውጭ የሚነሱ መሣሪያዎች ግን ውስጡን ማየት አይችሉም። ያም ሆነ ይህ የ48 አሃዙን የማገገሚያ ቁልፍ ሌላ ቦታ ሳይጽፉ መጀመር ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን እንደመዝጋት ነው።

ሥራው

የዊንዶውስን ቁልፍ ከኤክስ ጋር ተጫኑና ከሚወጣው ዝርዝር ዲስክ ማኔጅመንትን ምረጡ። ከታች ዲስኮቹ በአግድም ተዘርግተው ይታያሉ፤ ዲስክ 0፣ ዲስክ 1 እያለ ይቀጥላል። ሁለት ዲስክ ያለው ኮምፒውተር ላይ የትኛው የትኛው እንደሆነ በመጠኑ አረጋግጡ። ከሲ ጎን ስም የሌላቸው ትንንሽ ክፍሎች ታያላችሁ። 100 ሜጋባይት ገደማ የሆነው ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚያነበው የኢኤፍአይ ክፍል ነው፤ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጠው የማገገሚያ ክፍል ነው። «ቦታ ይይዛሉ» ብሎ የመጀመሪያውን መሰረዝ ኮምፒውተሩ በነጋታው እንዳይነሳ፣ ሁለተኛውን መሰረዝ ደግሞ ችግር ሲመጣ መጠገኛ እንዳይኖር ማድረግ ነው።

ሲ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ሽሪንክ ቮልዩም የሚለውን ምረጡ። ጥቂት ያስባል፣ ከዚያ አራት ቁጥር የያዘ ሳጥን ይወጣል። የመጀመሪያው የአሁኑ መጠን፣ ሁለተኛው ሊቆረጥ የሚችለው ከፍተኛ መጠን፣ ሦስተኛው እናንተ የምትጽፉት፣ አራተኛው ከቁረጣው በኋላ የሚቀረው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሦስተኛው ላይ ነው፤ ለሲ ሊተው የሚፈልገውን መጠን ይጽፋል። የሚጻፈው የሚቆረጠው ነው። አራተኛውን ቁጥር ሳያዩ ሽሪንክ የሚለውን አለመጫን ነው።

ሲያልቅ ከሲ በስተቀኝ ጥቁር መስመር ያለበት ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ አንአሎኬትድ የሚል ጽሑፍ ይኖረዋል። እሱ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ኒው ሲምፕል ቮልዩም። ደረጃ በደረጃ የሚመራው መስኮት መጠን ይጠይቃል፤ ሙሉውን ለመጠቀም የተሞላውን ቁጥር እንዳለ ተዉት። ቀጥሎ ፊደል ይጠይቃል። ዲ በዲቪዲ ማጫወቻ ወይም በሌላ ነገር ከተያዘ ኢ ይሰጣችኋል፤ ምንም ልዩነት የለውም፣ ነገር ግን አንዴ ፕሮግራም ከተጫነበት በኋላ ፊደሉን መቀየር አቋራጮችን ሁሉ ያሰናክላል። ስለዚህ አሁን ይወሰን።

የመጨረሻው ገጽ ፎርማት ነው። የፋይል ስርዓቱን ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ መደበኛው)፣ የአሎኬሽን ዩኒቱን (ለፋይል ቦታ የሚመደብበትን ትንሹን ቁራሽ) ዲፎልት እንዳለ ተዉት፤ ይህ በተለመደው መጠን 4 ኪሎባይት ማለት ነው። ስሙ ላይ «ሰነዶች» ወይም የፈለጋችሁትን ጻፉ። ክዊክ ፎርማት ምልክት ይደረግበት። ከቪስታ ጀምሮ ሙሉ ፎርማት ቦታውን ሁሉ በዜሮ ይሞላል፤ አሮጌ የሚሽከረከር ዲስክ ላይ የተበላሸ ቦታ ለመፈለግ ይጠቅማል፣ ኤስኤስዲ ላይ ግን ያለ ፋይዳ የመጻፍ ዕድሜውን መብላት ነው።

ኤግዝፋት የተባለው ሌላው የፋይል ስርዓት የሚጠቅመው ክፍሉን ማክም ዊንዶውስም እንዲጽፉበት ሲፈለግ፣ በተለይ ውጫዊ ዲስክ ላይ ነው። የራሱ ዋጋ አለው፤ ከ32 ጊጋባይት በላይ በሆነ ክፍል ላይ በነባሪ 128 ኪሎባይት እየቆረሰ ስለሚመድብ የ2 ኪሎባይት ፋይልም 128 ይይዛል። በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ላለው ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ፋት32ን ለዚህ ሥራ እርሱት፤ 4 ጊጋባይት የደረሰ ፋይል አይቀበልም።

ሃያ ሰላሳ ጊጋባይት ብቻ ሲሰጥ

ሁለተኛው ቁጥር ከባዶው ቦታ በጣም ሲያንስ ዊንዶውስ እየዋሸ አይደለም። ጅራቱ አካባቢ ሊነሱ የማይችሉ ፋይሎች ተቀምጠዋል። አንድ ትንሽ ፋይል እንኳ ዲስኩ መጨረሻ አጠገብ ከተተከለች ከፊቷ ያለው 250 ጊጋባይት ባዶ ቢሆን ዋጋ የለውም፤ ቅነሳው እሷ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ተጠርጣሪዎቹ የታወቁ ናቸው፦ ኮምፒውተሩ ሲተኛ የራሙን ይዘት የሚያፈስበት የሃይበርኔሽን ፋይል፣ ራም ሲጠብ የሚያግዘው ፔጅ ፋይል፣ ችግር ሲመጣ ዊንዶውስን ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልሱት የሲስተም ሪስቶር ነጥቦች፣ እና የኤንቲኤፍኤስ ራሱ የፋይሎች ማውጫ።

ሦስቱን ለጊዜው ማንሳት ይቻላል። ሃይበርኔሽኑ የሚጠፋው በአስተዳዳሪ መብት በተከፈተ የትእዛዝ መስኮት ነው፤ ፓወርሲኤፍጂ፣ ክፍተት፣ ስላሽ ኤች፣ ክፍተት፣ ኦፍ ተብሎ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ኮምፒውተሩን ቶሎ የሚያስነሳው ፋስት ስታርታፕም አብሮ ይጠፋል። ሲስተም ሪስቶርን ሲስተም ፕሮቴክሽን በሚለው ገጽ አጥፉት፤ የድሮዎቹ የመመለሻ ነጥቦች እንደሚሰረዙ ግን እወቁ። ፔጅ ፋይሉ በአድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ፐርፎርማንስ፣ ቨርቹዋል ሜሞሪ ስር ኖ ፔጂንግ ፋይል በማለት ይነሳል። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አስነሱና እንደገና ሽሪንክ ሞክሩ። ዲስኩ የሚሽከረከር ከሆነ በመሃል ዲፍራግ ማድረግ (የተበታተኑ ፋይሎችን መሰብሰብ) ይረዳል። ሥራው ሲያልቅ ሦስቱንም መልሱ፤ ፔጅ ፋይሉን ረስቶ መቅረት በተለይ 8 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሞችን ያለ ምክንያት የሚዘጋ በሽታ ይሆናል።

አሁንም እምቢ ካለ መገመት ትታችሁ ጠይቁት። ኢቨንት ቪወርን ክፈቱ፣ ዊንዶውስ ሎግስ ስር አፕሊኬሽን የሚለውን ምረጡ፣ ቁጥር 259 የሆነውን መዝገብ ፈልጉ። ቅነሳውን ያገደው የመጨረሻው ፋይል በስሙ ተጽፎ ይገኛል። ይህን መዝገብ የሚያይ ሰው ጥቂት መሆኑ ይገርማል፤ የግማሽ ቀን ሙከራን በአንድ መስመር ይመልሳል። ፋይሉ የማውጫው አካል ከሆነ ዊንዶውስ እየሠራ ሊነሳ አይችልም፤ ያኔ መፍትሔው ከዩኤስቢ የሚነሳ እንደ ጂፓርትድ ያለ መሣሪያ ነው፤ ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሚሠራ ብዙዎቹን ያነሳል። ቢትሎከር ካለ ግን መጀመሪያ ምስጠራው ሙሉ በሙሉ ይፈታ፣ ዊንዶውስም በሃይበርኔሽን ሳይሆን በትክክል የተዘጋ ይሁን።

አምስተኛው ክፍል የሚያመጣው ማስጠንቀቂያ

የድሮ ኮምፒውተሮች ፓርቲሽኖቹ የት እንዳሉ ለመመዝገብ ኤምቢአር የሚባለውን ሰንጠረዥ ይጠቀማሉ። በ1983 ከፒሲ ዶስ 2.0 ጋር የመጣ ነው፤ የዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ውስጥ ለፓርቲሽኖች የተመደበው 64 ባይት ብቻ ነው፣ ለአንዱ 16 ባይት። 64 ለ16 ሲካፈል 4፤ ከአራት ዋና ፓርቲሽን በላይ የማይፈቅደው ለዚህ ነው። ቦታ የሚቆጥረውም በ32 ቢት ስለሆነ ሴክተሩ (የዲስኩ ትንሹ የመቁጠሪያ ክፍል) 512 ባይት በሆነ ዲስክ ላይ ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን አያየውም። አዲሱ ጂፒቲ ዊንዶውስ ላይ 128 ፓርቲሽን ይይዛል፣ ቅጂውንም ዲስኩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል።

ኤምቢአር ላይ አራቱ ከሞሉ በኋላ ባዶ ቦታው ላይ አዲስ ክፍል ለመፍጠር ስትሞክሩ ዊንዶውስ «ዲስኩ ወደ ዳይናሚክ ይቀየራል» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ሰው «የስ» ብሎ ያልፈዋል። አትበሉ። ዳይናሚክ የዊንዶውስ የተለየ የዲስክ አደረጃጀት ነው። ወደሱ መሄድ ቀላል ነው፤ ወደ ተለመደው፣ ቤዚክ ወደሚባለው፣ በዊንዶውስ መመለስ ግን ሁሉንም ክፍል መሰረዝ ይጠይቃል፣ ሌላ ስርዓተ ክወና ጎን ለጎን መጫንም ይበላሻል። ኮምፒውተሩ ዩኢኤፍአይ የተባለውን አዲሱን የማስነሻ አሠራር የሚደግፍ ከሆነ ከዊንዶውስ 10 ስሪት 1703 ጀምሮ የመጣው ኤምቢአርቱጂፒቲ የተባለ ትእዛዝ የስርዓቱን ዲስክ መረጃ ሳያጠፋ ወደ ጂፒቲ ይለውጣል፤ ከሦስት በላይ ዋና ክፍሎች ወይም ኤክስቴንድድ ክፍል ካለ ግን አይሠራም። ከለወጡ በኋላ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ቅንብር) ውስጥ ገብቶ አነሳሱን ከሌጋሲ፣ ከድሮው አሠራር፣ ወደ ዩኢኤፍአይ መቀየር የግድ ነው።

አዲስ ባዶ ዲስክ ስትሰኩ ኤምቢአር ወይስ ጂፒቲ ተብላችሁ ብትጠየቁ ጂፒቲ በሉ። ፋይል ያለበት የቆየ ዲስክ ይህንኑ ጥያቄ ካመጣ ግን ካንስል ብላችሁ ውጡ፤ ሰንጠረዡ ተጎድቷል ማለት ነው፣ እሺ ማለት ከሰንጠረዡ የቀረውን መደምሰስ ነው።

ዲ ተፈጠረ፣ ከዚያስ?

ባዶ ዲ ድራይቭ ሲኖር ሰነዶች ወደሱ አይሄዱም፤ ዊንዶውስ እንደ ልማዱ ሲ ላይ ያስቀምጣል። ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስ፣ ዳውንሎድስ የሚሉት ፎልደሮች ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ሎኬሽን፣ ሙቭ በሚለው መንገድ ቤታቸውን ዲ ላይ አድርጉ። ጥንቃቄው፣ ለእያንዳንዱ መጀመሪያ ዲ ውስጥ የራሱን ፎልደር ፍጠሩለት። በቀጥታ ዲን ራሱን መድረሻ ካደረጋችሁት ዲ ሙሉ በሙሉ «ዶክመንትስ» ይሆናል፤ ወደ ነበረበት መመለሱም ራስ ምታት ነው። ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ) እነዚህን ፎልደሮች እያመሳሰለ ከሆነ ማመሳሰሉን አስቀድማችሁ አቁሙ።

ፕሮግራሞችን ዲ ላይ መጫን ግን ትርፉ ትንሽ ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን የፕሮግራሞቹ ምዝገባ ከሲ ጋር ስለሚጠፋ አብዛኞቹ እንደገና መጫን አለባቸው።

ሲን ማስፋት

እዚህ ላይ የጅራቱ ነገር ተመልሶ ይመጣል። ኤክስቴንድ ቮልዩም የሚበራው ባዶው ቦታ ከሲ በስተቀኝ፣ ተነካክቶ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ዲን ብትቀንሱ ባዶው የሚመጣው ከዲ ጅራት እንጂ ከሲ አጠገብ አይደለም፤ በመካከላቸው ዲ ራሱ ቆሟል። ሰው «ባዶ ቦታ አለ፣ ለምን አልጨምርም?» የሚለው ይህን ሳያይ ነው። በዊንዶውስ ብቻ ከሆነ መንገዱ አንድ ነው፤ የዲን ፋይሎች ውጫዊ ዲስክ ላይ አውጥቶ ዲን መሰረዝ፣ ሲን ማስፋት፣ በተረፈው ዲን እንደገና መፍጠር። በጂፓርትድ የዲን መነሻ ወደ ቀኝ መግፋት ይቻላል፤ ነገር ግን ዲ ላይ ያለው ሁሉ አንድ በአንድ ይዛወራል፣ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፣ በመሃል መቋረጥ ደግሞ አይታሰብም።

ሌላው እንቅፋት በሲ እና በባዶው ቦታ መካከል የተሰነቀረው የማገገሚያ ክፍል ነው። ዲስክ ማኔጅመንት አይሰርዘውም፣ አያዛውረውምም። በጂፓርትድ ወደ ባዶው ቦታ መጨረሻ ገፍቶ ባዶውን ከሲ ጋር ማገናኘት ይሻላል፤ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል።

ሊኑክስ እና ማክ ባጭሩ

ሊኑክስ ላይ ብዙውን ጊዜ ዲስኩ ኤስዲኤ፣ ክፍሎቹ ኤስዲኤ1፣ ኤስዲኤ2 እየተባሉ ይጠራሉ። ጂፓርትድ ትእዛዞቻችሁን ይደረድራል እንጂ አፕላይ እስክትሉ ምንም አይነካም፤ ይህ ጥሩ ጠባዩ ነው። የሊኑክስ የተለመደው የፋይል ስርዓት ኤክስት4 እየተሠራበት ሊሰፋ ይችላል፣ ለመቀነስ ግን ከአገልግሎት መውጣት አለበት፤ ስለዚህ ዋናውን ክፍል ለመቀነስ ከዩኤስቢ መነሳት ግድ ነው። ኤክስት4 ከጠቅላላው 5 በመቶውን ለስርዓቱ አስተዳዳሪ ይይዛል፤ 500 ጊጋባይት የሰነድ ክፍል ላይ 25 ጊጋባይት ማለት ስለሆነ ወደ 1 በመቶ ማውረድ ተገቢ ነው። ሲነሳ የሚከፈቱት ክፍሎች በሚዘረዘሩበት ኤፍኤስታብ ፋይል ውስጥ አዲሱን ክፍል ስትመዘግቡ በኤስዲኤ ስሙ ሳይሆን በዩዩአይዲው፣ በክፍሉ ልዩ መለያ ቁጥር፣ ይሁን፤ ኖፌይል የሚለውን አማራጭም ጨምሩ፣ አለበለዚያ ዲስኩ ያልተገኘ ቀን ኮምፒውተሩ በአደጋ ጊዜ ሁነታ ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ከዊንዶውስ ጎን ሊኑክስ ሲኖር ዊንዶውስ የሊኑክሱን ክፍል ማንበብ አይችልም፤ ፊደል ተሰጥቶት ከሆነም «ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት አድርግ» ይላል። ባዶ መስሎት ነው፤ እሺ አይባልም።

ከ2017 ወዲህ ባሉት ማኮች ላይ ፓርቲሽን ከመቁረጥ በዲስክ ዩቲሊቲ ውስጥ የመደመር ምልክቱን ተጭኖ የኤፒኤፍኤስ (የአፕል የፋይል ስርዓት) ቮልዩም መጨመር ይሻላል። ቮልዩሞቹ አንድ ባዶ ቦታ ስለሚጋሩ አንዱ ሲሞላ ሌላው ባዶ የሚሆንበት ችግር የለም።

የተሳሳተው ክፍል ከተሰረዘ

ዲሊት ቮልዩም የተባለበት ክፍል ውስጥ ያሉት ፋይሎች ወዲያው አይጠፉም፤ የጠፋው ሰንጠረዡ ላይ ያለው አድራሻቸው ነው። የሚያጠፋቸው ከዚያ በኋላ የሚጻፍባቸው ነገር ነው። ስለዚህ ባዶ የሆነው ቦታ ላይ አዲስ ክፍል አትፍጠሩ፣ ፎርማት አታድርጉ። ኤስኤስዲ ከሆነ ችኮላው ይብሳል፤ ትሪም የተባለው አሠራር ፎርማት ሲደረግ የተለቀቀውን ቦታ ዲስኩ እንዲያጸዳው ስለሚነግረው ከዚያ በኋላ የሚመለስ ላይኖር ይችላል። ቴስትዲስክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን ቃኝቶ የጠፋውን ክፍል መነሻና መድረሻ ያገኛል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ፋይሎቹ በስማቸው ከታዩ ሰንጠረዡን መልሶ መጻፍ ይበቃል። ካልታዩ ፎቶሬክ የተባለው ሌላ ፕሮግራም ፋይሎቹን በይዘታቸው እየለየ ያወጣል፣ ስማቸውና ፎልደራቸው ግን አብሮ አይመጣም። የሚወጣው ሁሉ የሚቀመጠው ሌላ ዲስክ ላይ ነው፤ እዚያው ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ገና ያልተገኘውን መደምሰስ ነው።